የቆጣሪዋ መጽሐፍ

ካርቶኑን ያገኘሁት ቡሬ፣ ለትምህርት ቤቶች ዕቃ ከሚታደልበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጠመኔና የስም መጥሪያ መዝገብ ልወስድ ሄጄ ነበር። መጋዘኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ የምፈርምበትን ወረቀት ሲፈልጉ፣ ዐይኔ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ አንድ ጎኑን አይጥ ከበላው ካርቶን ላይ ዐረፈ። ገለጥ አድርጌ ሳየው የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ ሰፋፊ፣ ስስ፣ ገጻቸው ሁሉ በቀለም ሥዕል የተሞላ። ከባሕር ማዶ በልግስና ከመጡ ቆይተዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ የጠየቃቸው ትምህርት ቤት የለም።

«ከአይጥ አንቺ ትሻያለሽ፤ ውሰጃቸው» አሉኝ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የተመደብሁት ከሽንዲ በታች፣ ቆላው ውስጥ ወዳለች አንዲት መንደር ነበር። መኪና ሽንዲ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ካርቶኑን በአህያ አስጭኜ ወረድሁ።

ቅዳሜና እሑድ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥሁባቸው። ሁሉም የሴቶች ታሪክ ሆነው አገኘኋቸው። አንዷ ዕድሜዋን ሙሉ ሰማይ ስትመረምር የኖረች ናት። አንዷ ከገደል ሥር የጥንት አውሬ ዐፅም የምትለቅም፣ አንዷ ደግሞ ሊቃውንት ያቃታቸውን ስሌት የፈታች። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ እንደምታውቅ እኔ ራሴ፣ አስተማሪ ተብዬም፣ አልሰማሁም ነበር። ከደብተር ወረቀት እየቀደድሁ ታሪኩን በአማርኛ ጻፍሁና በዱቄት ሙጫ ከእንግሊዝኛው በላይ ለጠፍሁት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አምስተኛ ክፍሎችን ሰብስቤ አነብላቸው ጀመር።

ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት የአንዲት የሒሳብ ሰው ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ በምትኖርበት ከተማ በሽታ ገባ። ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ሲፈራ፣ እሷ ቤት ለቤት እየዞረች የታመመውን ቆጠረች። የከተማውን ካርታ ሠራችና በታመመ ሰው ቤት ሁሉ ላይ ቀይ ነጥብ አኖረች። ነጥቦቹ አንድ ሰፈር ላይ ተከማቹ፤ የበሽታው ምንጭም በዚያ ተገኘ። የሴትዮዋ ስም ለአፋቸው ስለከበደ ልጆቹ «ቆጣሪዋ» አሏት።

የክፍሉ አለቃ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን ናት፤ ስትናገር መሬት መሬት ታያለች፤ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ እሷ ዘንድ ነው። የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ባትቆጥራቸውስ ኖሮ?»

«ባትቆጥራቸውም ይታመማሉ። ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም ነበር።»

«እንግዲያ ያልተቆጠረ ሰው በከንቱ ነው የሚታመመው» አለችኝ።

በዚያ በጋ በየጓሮው ኩሬ እንዲቆፈር ከላይ ትእዛዝ ወርዶ ነበር። የክረምቱን ዝናብ አቁሮ በበጋ አትክልት ማጠጣት ነው ነገሩ፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ገበሬው ቆፈረ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ተነጠፈበት፤ ክረምቱ መጣና ሞላው። ለዕረፍት ፍኖተ ሰላም ከርሜ መስከረም ላይ ስመለስ፣ ከኮረብታው ቁልቁል ሳያት መንደሪቱ በየጓሮው ዐይን ያበቀለች መሰለችኝ። ውሃው አይፈስስም፣ አይናወጥም። ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈራሁ፤ እግሬም ቁልቁለቱ ላይ ዘገየ።

ልጆቹ ከእኔው ጋር ስድስተኛ ክፍል ገብተው ነበር፤ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አለቃዋ ስም ስትጠራ አራት ልጆች አልነበሩም። የወባ ንዳድ ለቆላ ሰው እንግዳ ስላልሆነ ዝም አልሁ። በሳምንቱ ሰባት ሆኑ። ከዚያ በኋላ «የለም» የሚለውን ቃል ስትደጋግም ድምፅዋ ዝግ እያለ፣ የቀሩትም ልጆች አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሸሽተው ወደ አንድ ጥግ እየተጠጉ መቀመጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን የደብተሯን መጨረሻ ገጽ ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መንገዱን፣ ቤቶቹን አንድ ባንድ ሥላቸዋለች። ኩሬ ያለበት ጓሮ ላይ ትንሽ ክብ አለ። ከእኔ በተዋሰችው ቀይ እስክሪብቶ ያኖረቻቸው ነጥቦች ክቦቹን ዙሪያቸውን ከበዋቸዋል። ላይኛው ጎጥ መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ኩሬ አልተቆፈረበትም። እዚያ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር።

«ማን አሠራሽ?»

«ማንም አላሠራኝ። ውሃ ስቀዳ፣ ከብት ስመልስ፣ ‹ቤታችሁ ስንት ታመመ?› እያልሁ ጠየቅሁ።»

ኩራት ተሰማኝ። አልዋሽም፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን ኩራት ነው።

በማግሥቱ የደብሩ አለቃ፣ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ከክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወጥቼ መስቀል ተሳለምሁ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ አባ።»

«መልካም ታስተምሪያለሽ ይላሉ፤ እሰየው። ግን ልጄ፣ ሰው አይቆጠርም። ዳዊት ንጉሥ ሆኖ እንኳ ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደ ደረሰ ታውቂያለሽ።»

«መቅሠፍት ወረደ።»

«ወረደ።» ወደ ክፍሉ ውስጥ፣ አለቃዋ ወደተቀመጠችበት አዩ። «ቆጠራ ከማን እንደሚጀመር ይታወቃል። ማን ላይ እንደሚያልቅ ነው የማይታወቀው። ያቺን ልጅ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፤ እወዳታለሁ። ለእሷው ብዬ ነው የመጣሁ።»

ማስፈራራት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው የሚናገሩት ከልባቸው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ልጅ ሞተ። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቤቱ ከአለቃዋ ቤት ጎን ነበር። ዋዜማውን ልጅቱ እነሱ ቤት ገብታ ጠይቃ ወጥታለች። እናቱ በቀብሩ ላይ ፊቷን እየነጨች «ትናንት ቆጥራብኝ ሄደች፤ ትናንት ቆጥራብኝ ሄደች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቱ በመንገድ ስታልፍ እናቶች ነጠላቸውን በልጆቻቸው ላይ ይጥሉ ጀመር። አንድም ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ዝም ብለው ይሸፍኗቸዋል።

አባቷ መጣ። ግባ ብለው አልገባም፤ ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ እየተደገፈ፣ «ልጄን የሚያያት ዐይን ተለውጧል፤ መጽሐፉን ይተውላት፣ እለምንዎታለሁ» አለኝ። አጎንብሶ ነው የተናገረው። የሚቆጣ አባት ጠብቄ ነበር፤ የሚለምን አባት ግን እንዴት እንደሚመለስ አላውቅበትም ነበር።

ርእሰ መምህሩ ደግሞ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

«የልጅቱን ደብተር አየሁት። ኩሬ፣ ኩሬ ይላል። ኩሬው የማን ነው?»

«የገበሬው።»

«የገበሬው አይደለም፤ የዕቅዱ ነው። ግምገማ እየመጣ ነው። ‹ልማቱን በሽታ ነው እያለች ታስተምራለች› ከተባልሽ እኔም አላድንሽም፤ እኔንም የሚያድነኝ የለም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተገምግሞ ከሥራ ታግዶ ያውቃል። ይህን ሲናገር እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር። ካርቶኑን ቆልፌ አኖርሁት። ልጅቱንም ጠርቼ «ተይው» አልኋት።

«እስከ መቼ፣ ቲቸር?»

«እስኪያልፍ።»

«ካልተቆጠረ ማለፉን በምን እናውቃለን?»

«ክፍልሽ ግቢ» አልኋት።

ዐሥራ አምስት ቀን ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የቀብር ጥሩምባ ከታችኛው ጎጥ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማን እንደሆነ እጠይቅ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተውሁት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጩኸት ጠፋ፤ በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ የሚሮጥ ልጅ አልነበረም፤ ያሉትም ፀሐይ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ። ለሕዳር ሚካኤል ሰዉ የየደጁን ቆሻሻ ጠርጎ አቃጠለ፤ ጢሱ በሽታ ያባርራል ይባላልና። ነፋስ ስላልነበር ጢሱ ወደ ላይ አልወጣም። ኩሬዎቹ ላይ ተኝቶ ዋለ። አመሻሹ ላይ ጢሱ ሲገፈፍ የቢንቢው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

በማግሥቱ ማለዳ ልጅቱ ቤቴ መጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

«አልተውሁም ቲቸር። ይቅር ይበሉኝ።»

ሰው ቤት መግባት ስትከለከል፣ ከምንጩ ዳር ሆና ማን ውሃ ሊቀዳ እንደቀረ፣ ማን ከብት እንዳልመለሰ እያየች ነጥቡን ስታኖር ከርማለች። ቀዩ እስክሪብቶ አልቆባት ግማሹን በከሰል ነው ያደረገችው። አንዳንዶቹ ነጥቦች ላይ መስቀል አለ። መስቀሉ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መስቀል ካለበት አንድ ነጥብ ጎን ያለውን በጣቴ ነካሁ፤ የእነሱ ቤት ነው።

«ይህ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ጀመረኝ።»

ጥርሷ ሲንገጫገጭ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። በእጄ የነበረውን ክኒን አዋጥኋት፤ እቤቷ ድረስ ደግፌ አደረስኋት፤ ለእናቷ ሰጥቻት ዳገቱን ያዝሁ። ለርእሰ መምህሩ አልተናገርሁም። ሽንዲ እስክደርስ አልተቀመጥሁም። ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ወጣሁ። የትኛው ከተማ፣ የትኛው የጤና መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ያነጋገረኝ ኃላፊ በሕይወት ባይኖር እንኳ ልጆች ይኖሩታል።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ከዚያ ቀበሌ ምንም ሪፖርት አልደረሰንም» አለኝ።

«ስለዚህ ነው የመጣሁ።»

«ሪፖርት ካልደረሰ ወረርሽኝ አለ ማለት አይቻልም። ደግሞ ይህ ክብ ክቡ ምንድን ነው?»

«ኩሬዎቹ ናቸው።»

ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «እህቴ፣ የመጣሽበትን መንገድ ይዘሽ ብትመለሺ ይሻልሻል።»

ከበሩ አጠገብ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ የሆነ ነገር ልታስፈርም ቆማ ነበር። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማን ሠራው?»

«የስድስተኛ ክፍል ተማሪ።»

«መስቀል ያለባቸውስ?»

«የተቀበሩት።»

ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጌታዬ፣ ሪፖርት ያሉት ይኸውልዎ ደረሰ» አለች በዝግታ።

ሰውዬው መልስ አልሰጣትም። ግን አልከለከላትም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ነገር፣ ያን ሁሉ ሕይወት ያተረፈው የአንድ ሰው ዝም ማለት መሆኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን መድኃኒትና ዲዲቲ የጫነ መኪና ሽንዲ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በሸክም ወረድን። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰዉ ተሰልፎ ጣቱን እየተወጋ ደሙ ታየ። አብዛኛው ወባ ነበረበት። ክኒን ታደለ፤ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ተረጨ፤ ኩሬዎቹ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈሰሰ። ልጅቱ ግን በሰልፉ ውስጥ አልነበረችም።

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ። አባቷ በሩን በትከሻው ሞልቶ ቆሟል።

«ደህና ናት። አያቷ ዘንድ ሄዳለች» አለን።

ከውስጥ የሚያጓጉር ትንፋሽ ይሰማል። እሱም እንደምንሰማው ያውቃል። ለምን እንደደበቃት የገባኝ በኋላ ነው። መንደሩ የሚጠብቀው ይህንን ነበር፤ ቆጣሪዋ እስክትቆጠር። መታመሟን ከተናገረ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው ብሎ ማመኑ መሰለው።

«አባቴ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ልግባ» አለችው ሠራተኛዋ።

ከዚያ ከበሩ ገለል አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጅቱ ራሷን አታውቅም። ዐይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ብቻ ይታያል። በቃሬዛ እስከ ሽንዲ መውሰድ ነበረብን። ከጎረቤት ወንዶች ሊሸከማት የተነሣ ግን የለም፤ ደጅ ቆመው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንድ ሰው ሮጦ ሄዶ ይሁን ራሳቸው ሰምተው አላውቅም፣ የደብሩ አለቃ መጡ። ማንንም አልገሠጹም። መቋሚያቸውን ለአንድ ሰው አስያዙና ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን ፊት ያዙ። እሳቸው ሲያጎነብሱ ጊዜ አራት ጎልማሶች ተሽቀዳድመው ተቀበሏቸው። ዳገቱን ስንወጣ ቄሱ ከኋላችን በለሆሳስ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እሰማ ነበር። በመካከሉ ድምፃቸው ይቆረጣል፤ እንደገና ይጀምራሉ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባች። እናቴ ስንቅ እያመላለሰች ከእናቷ ጋር አስታመመቻት። በዘጠነኛው ቀን ዐይኗን ገለጠች። «ተመስገን» ብዬ ስሟን ጠራሁ፤ አላየችኝም። ጮክ ብዬ ጠራሁ። እናቷ እጇን ስትነካት ነው የዞረችው። የግራ ጆሮዋ ጨርሶ፣ የቀኙ ደግሞ ጥቂት ብቻ ሲቀረው መስማት አቁሟል። በሽታው ያደረገው ይሁን መድኃኒቱ፣ ሐኪሞቹ ሊለዩልን አልቻሉም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፍላት ጀመር። ቁጥሩ አልጠፋባትም። ግን ልጆቹ ሲስቁ ለምን እንደሚስቁ አታውቅም፤ ዙሪያዋን ታይና ዘግይታ ፈገግ ትላለች። ሚያዝያ ላይ መምጣት አቆመች። ለምን ብዬ ስሄድ አባቷ «ይብቃት» አለኝ፤ እኔም አልተከራከርሁትም።

መንደሩ ይቅር አላት። እንዲያውም እናቶች በመንገድ ሲያገኟት ግንባሯን ይስሟት ጀመር። ለመድኃኒቱ ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ግን እውነቱን ነገሩኝ። «አለቀ እኮ ልጄ» አሉኝ። «እሷ ላይ አለቀ። ከእንግዲህ ምን ያስፈራል?»

በዓመቱ መጨረሻ በተጠራ ስብሰባ ላይ ያ ኃላፊ ተነሥቶ ዘመቻው በዕቅዱ መሠረት እንደተከናወነ ተናገረ። ተጨበጨበ። ርእሰ መምህሩም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ለሚመጣው ዓመት የሚቆፈሩት ኩሬዎች ከዘንድሮዎቹ እንደሚበልጡ በዚያው ስብሰባ ተነገረን።

ያን ክረምት ወደ ፍኖተ ሰላም ለመዛወር ያመለከትሁት ተፈቀደልኝ። ዐሥራ አምስቱ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ያን ወረቀት ገና ጥቅምት ላይ ይዤው ብሄድ ኖሮ እያልሁ በምግብ መካከል እጄ ይቆማል። የትኞቹ መስቀሎች የእኔ እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ፤ በየስማቸው። መንደሪቱን መሸሼ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በኋላ እንደሰማሁት እዚያ ጤና ኬላ ተሠራ፤ ወባም እንደዚያ ዓመት ሆና አልተመለሰችም ይላሉ። ልጅቱ ሽንዲ አካባቢ አገባች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ይህን የነገሩኝ ሰዎች ደህና ናት ይላሉ። ደህና ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዕቃዬን ልወስድ የወረድሁት በጳጉሜ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም፤ አዲሶቹም አሮጌዎቹም ኩሬዎች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። አህያው ተጭኖ ከመንደሩ ስወጣ ልጅቱን ከአጥር አጠገብ ቆማ አገኘኋት። አድጋለች፤ ሻሽ አስራለች። ጭነቱን አየችው፤ ከዚያ ከንፈሬን ለማንበብ ፊቴን ትኩር ብላ ተመለከተች።

«መስከረም ይመጣሉ፣ ቲቸር?» አለችኝ፤ ድምፅዋን ስለማትሰማው ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ።

ራሴን ነቀነቅሁላት። አዎ እንደማለት። ከዚያ አህያውን ነዳሁ።